ከቪክስበርግ እስከ ጉራዕ

ክቡራትና ክቡራን፤

ዋሽንግተን ከሚገኘው ከዚህ አዳራሽ ተነሥታችሁ ወደ ሊስበርግ፣ ቨርጂኒያ ብትነዱ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀባችሁ በአንድ ሰዓት ገደማ ቦልስ ብላፍ ትደርሳላችሁ። ቦታው ከፖቶማክ ወንዝ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ሲሆን፣ አናቱ ላይ በድንጋይ አጥር የተከበበ፣ ከመካከለኛ የመኖሪያ ግቢ የማይበልጥ የወታደሮች መቃብር አለ። የመቃብሩ ድንጋዮች 25 ናቸው፤ ከሥራቸው የ54 ሰው አጽም አርፏል፤ ከ54ቱ መካከል ስሙ ሊታወቅ የቻለው የአንዱ ብቻ ነው። እኔ ባለፈው ጥቅምት በሄድኩ ጊዜ ውሻውን ይዞ ከሚሮጥ አንድ ወጣት በቀር በአካባቢው ሰው አልነበረም። ወጣቱ የአሜሪካ ታሪክ የሚወድ እንግዳ መስዬው ሳይሆን አይቀርም፣ ፈገግ ብሎ አለፈ። እኔ ግን እዚያ ቆሜ የማስበው ስለ ጉራዕ ነበር።

በዚያ ገደል ሥር በደረሰው ሽንፈት ስሙ የጠፋው የአሜሪካ ጄኔራል፣ ከ14 ዓመታት በኋላ፣ በጉንደትና በጉራዕ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን የገጠመው የግብፅ ጦር ኤታማዦር ሹም ሆኖ ካይሮ ተቀምጦ ነበር። ስሙ ቻርልስ ስቶን ይባላል። ብቻውንም አልነበረም፤ በጉራዕ ምሽግ ውስጥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደም ተቃብተው የነበሩ የሰሜንና የደቡብ መኮንኖች አንድ ዓይነት የግብፅ ጦር ቀይ ቆብ (ፌዝ) ደፍተው፣ ከአንድ ግምጃ ቤት ደመወዝ እየተቀበሉ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። እኛ እነዚህ ሰዎች ከጉራዕ በፊት የት እንደነበሩ አልተማርንም፤ አሜሪካውያን ደግሞ ከእርስ በርሱ ጦርነት ታላቅ ውጊያ፣ ከቪክስበርግ በኋላ የት እንደሄዱ አልተማሩም። ዛሬ የማቀርብላችሁ በእነዚህ ሁለት ትምህርቶች መካከል ወድቆ የቀረውን ታሪክ ነው። ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር የምናገራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስቶን ልጀምር። የማሳቹሴትስ ተወላጅና የዌስት ፖይንት ምሩቅ ነው። አብርሃም ሊንከን በመጋቢት 1861 ቃለ መሐላ ሊፈጽም ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ ግድያ ይፈራ ነበርና፣ ከተማዋን በሚሊሺያ ያስጠበቀው ይህ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን ግን በእርሱ ሥር የነበረ ጦር ወንዙን ተሻግሮ ቦልስ ብላፍ ላይ ወጣ። የተሻገሩበት ጀልባ ጥቂት፣ ከኋላቸው ያለው ገደል፣ ከገደሉ ሥር ያለው ውሃ ጥልቅ ነበር። ከተሻገሩት ከ1,700 የማያንሱ ሰዎች ወደ 1 ሺህ የሚጠጉት ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ፤ ውሃ የወሰዳቸው አስከሬኖችም ከቀናት በኋላ እስከ ዋሽንግተን ድረስ እየተንሳፈፉ መጡ። ከሟቾቹ አንዱ በቦታው ጦሩን የመራው ኤድዋርድ ቤከር ነበር። ቤከር ኮሎኔል ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ያለ ሴናተር፣ ከዚያም አልፎ ሊንከን ልጁን በስሙ እስኪሰይም ድረስ የሚወደው ወዳጁ ነበር።

ኮንግረስ ጥፋተኛ ፈለገ። የሞተ ሴናተርን መክሰስ አይቻልም፤ በሕይወት ያለ ጄኔራልን ግን ይቻላል። ስቶን በጊዜው ሕግ መሠረት ያመለጡ ባሮችን ለጌቶቻቸው እንዲመለሱ ያደርግ ስለነበር የማሳቹሴትስ ፖለቲከኞች ቀድሞውኑ ጥርስ ነክሰውበት ነበር። በየካቲት 1862 በሌሊት ተይዞ በኒውዮርክ ወደብ አፍ ላይ ወደሚገኘው ፎርት ላፋዬት ተወሰደ፤ በዚያና በአቅራቢያው ባለው ፎርት ሃሚልተን 189 ቀን ታሰረ። ክስ አልቀረበበትም፤ ፍርድ ቤት አልቆመም፤ ሲፈታም ለምን እንደታሰረ የነገረው የለም። ለባሮች መመለስ የነበረውን አቋም ልከላከልለት አልፈልግም፤ ነገር ግን ሰው በሥራው እንጂ በጥርጣሬ እንዳይታሰር ሕግ ያወጣች አገር በዚህ ሰው ላይ ያደረገችው ራሷም የምታፍርበት ነገር ነው። ይህን ወደብ ልብ በሉልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ከ600 ሺህ በላይ ሰው አልቆ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መኮንኖች ደግሞ ሥራ ፈትተው ነበር። የሰሜኑ ጦር ተበትኖ ወደ ትንሽ የሰላም ጊዜ ሠራዊት ወረደ። የደቡብ መኮንኖች በበኩላቸው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ዳግም ማዕረግ እንዳይዙ በ1866 ሕግ ወጣባቸው። ወጣትነታቸውን በሙሉ ከጦርነት በቀር ሌላ ሙያ ሳይማሩ ያሳለፉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ኢንሹራንስ ሲሸጥ፣ ሌላው ሲያስተምር፣ ሌላው የጥጥ እርሻ ሞክሮ ሲከስር ዓመታት አለፉ።

በዚሁ ጊዜ ካይሮ ላይ የግብፅ ገዥ (ኬዲቭ) ኢስማኤል ጦሩን ሊያዘምን ባለሙያ ይፈልግ ነበር። የአባይን ሸለቆና የቀይ ባሕርን ዳርቻ በሙሉ በእጁ የማስገባት ሕልም ነበረው፤ ምጽዋን ከቱርክ ሱልጣን ተረክቧል፤ በ1872ም በስዊሱ ሙንዚንገር አማካይነት ከረንን ይዟል። እንግሊዝን እንዳይቀጥር እንግሊዝ ዓይኗ ስዊዝ ቦይ ላይ ነው፤ ፈረንሳይም እንዲሁ። አሜሪካ ግን በአካባቢው ርስት የማትፈልግ፣ ገና ከታላቅ ጦርነት የወጡ መኮንኖች የተረፏት አገር ነበረች። ታዴየስ ሞት የተባለ አሜሪካዊ አማላጅ ሆኖ፣ የአሜሪካ ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ዊልያም ሸርማን ደግሞ ለሚያውቃቸው የድጋፍ ቃል እየሰጠ፣ ከ1870 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወደ 50 የሚጠጉ አሜሪካውያን መኮንኖች ግብፅ ገቡ። አገራቸው ያሰረችው ስቶን የኤታማዦር ሹምነቱን ሥልጣን አገኘ። መሥሪያ ቤት አቋቋመ፣ ወታደሮች ማንበብና መጻፍ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ካርታ የሚያነሡ ጓዶችን እስከ ኮርዶፋንና ዳርፉር አሰማራ። ያቺ የካርታ ሥራ፣ እኔ እንደማምነው፣ አሜሪካውያኑ ለግብፅ ከሠሩት ሁሉ የበለጠ ጥሩ ሥራ ነበረች።

ከመጡት ሁሉ ስለ ሦስቱ ብቻ እናገራለሁ፤ ሦስቱም በጉራዕ ተገኝተዋልና።

አንደኛው ዊልያም ሎሪንግ ነው። በ1847 በሜክሲኮ ጦርነት፣ የሜክሲኮ ከተማን በር ሲያጠቃ ግራ እጁን አጣ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ እጁ 40 ዓመት ገደማ ኖረ። በእርስ በርሱ ጦርነት ከደቡብ ወገን ጄኔራል ሆነ፤ ግልጽ ተናጋሪ፣ ቁጡ፣ ከአለቆቹ ጋር የማይስማማ ሰው ነበር። ግብፅ ገብቶ ሎሪንግ ፓሻ ተባለ።

ሁለተኛው ሳሙኤል ሎኬት፣ በ1859 ከዌስት ፖይንት ክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ የተመረቀ መሐንዲስ፣ እርሱም የደቡብ ሰው ነው። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የምትገኘውን የቪክስበርግን ምሽግ የቀየሰው እርሱ ነበር። ከተማዋ በ1863 ለ47 ቀናት ስትከበብ፣ በመካከሉ ሬሳ ለማንሣት ለጥቂት ሰዓታት ተኩስ ቆሞ፣ ሎኬት በሁለቱ ምሽጎች መካከል እየተዘዋወረ የጠላትን ሥራ በዓይኑ ይለካ ጀመር። ያን ጊዜ ጄኔራል ሸርማን አስጠርቶት ከጎኑ አስቀመጠው። በከተማዋ ውስጥ ላሉ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ እጄ ላይ አለ፣ ሳያረጅ ልስጥህ ብዬ ነው አለው። ሎኬትም፣ ጄኔራል፣ አንተ ራስህ ከተማዋን ይዘህ እስክታደርሰው ብትቆይ በእርግጥ በጣም ያረጅ ነበር ብሎ መለሰ። ተሳሳቁ፤ ሸርማንም ተኩሱ ዳግም እስኪጀመር በጨዋታ ይዞ አስቀመጠው። ሎኬት ኋላ ሲጽፈው፣ ጨዋታው ዓይኑን ከምሽጎቹ ላይ ለማንሣት የተደረገ ዘዴ መሆኑ የገባው ዘግይቶ እንደነበር አልደበቀም።

ሦስተኛው ዊልያም ዳይ ነው፤ የሰሜን ሰው፣ የአይዋ 20ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ኮሎኔል። የእርሱ ክፍለ ጦር ቪክስበርግን ከከበቡት አንዱ ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሎኬት ከምሽጉ ውስጥ፣ ዳይ ከምሽጉ ውጭ ሆነው ተተኳኩሰዋል፤ ሎሪንግ ደግሞ ከበባው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በቻምፒየን ሂል ጦርነት ከዋናው ሠራዊት ተቆርጦ በሌላ አቅጣጫ በማምለጡ ብቻ ከዚያ ረሃብ ተርፏል። ከ13 ዓመት በኋላ ሦስቱም አንድ ምሽግ ውስጥ፣ ከሚሲሲፒ በጣም ርቀው፣ በኤርትራ ደጋ ላይ ተገናኙ።

ወደዚያ ያመጣቸው የጉንደት ውድቀት ነው። ኅዳር 7 ቀን 1868 በእኛ አቆጣጠር (በአውሮፓውያን ኅዳር 16 ቀን 1875)፣ በኮሎኔል አሬንድሩፕ፣ በአንድ የዴንማርክ መኮንን የሚመራ የግብፅ ጦር በጉንደት ሸለቆ ተደመሰሰ፤ አሬንድሩፕም ራሱ ወደቀ። ዝርዝሩን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝመውም። ብዙ ጊዜ የማይነሣውን አንድ ቀን ግን ልጨምርላችሁ፤ ከጉንደት በኋላ ዘጠነኛው ቀን፣ ኅዳር 25 ቀን 1875፣ በዕዳ የተዘፈቀው ኢስማኤል በስዊዝ ቦይ ኩባንያ ውስጥ የነበረውን ድርሻ በሙሉ ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ሽያጩን ያመጣው ለዓመታት የተከመረው ዕዳ ነው፤ ጉንደት አመጣው ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ቦዩን ያህል ነገር የሸጠ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሌላ፣ ከበፊቱ ብዙ እጥፍ የበለጠ ጦር ወደ ምጽዋ መላክ መጀመሩ፣ ክብር ከሒሳብ እንዴት እንደሚበልጥበት ያሳያል።

የዚህ ጦር አዛዥ ራቲብ ፓሻ፣ የጨርከስ ተወላጅ ነበር። ሎሪንግ ምክትሉና የዘመቻው ኤታማዦር ሹም ሆነ። የኬዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰን በፕሩሺያ ጦር የሠለጠነ ወጣት ሆኖ አብሮ ዘመተ። የሥልጣኑን ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች ስታዩት ችግሩ ወዲያውኑ ይታያችኋል፤ ከፍተኛ መኮንኖቹ በቱርክኛ ያዝዛሉ፣ ወታደሩ ከማሳው ተገድዶ የመጣ ዐረብኛ ተናጋሪ ገበሬ ነው፣ አሜሪካውያኑ ደግሞ ብዙዎቹ ሁለቱንም በቅጡ አያውቁም። ጠመንጃው ሬሚንግተን፣ መድፉ ክሩፕ ነበር፤ ሬሚንግተኑ የአሜሪካ፣ ክሩፑ የጀርመን ሥራ ሲሆን ሁለቱም በዘመኑ ከሚገኙት የተሻሉ ነበሩ። መሣሪያው ከሠራዊቱ ይልቅ እርስ በርሱ ይስማማ ነበር ለማለት ይቻላል።

ምሽጉን በጉራዕ ሜዳ ላይ የሠራው ሎኬት ነው። ቪክስበርግን የቀየሰ እጅ የጉራዕን አፈር ሲቆፍር ምን እንዳሰበ አንድ ቀን በራሱ ቃል ባነብ ደስ ይለኝ ነበር። ጦሩ ከገባ በኋላ ክርክሩ አንድ ሆነ፤ ከምሽጉ ወጥተን እንግጠም ወይስ ውስጥ ሆነን እንጠብቅ? ራቲብ መጠበቅን መረጠ፤ ሎሪንግ መውጣትን። ሎሪንግ ራቲብን በፈሪነት ነክቶ እንዳስወጣው ብዙዎች ጽፈዋል፤ ሎሪንግ በበኩሉ ጥፋቱን ሁሉ በራቲብ ላይ ጫነ፤ ሁለቱን በቅርብ ያየው ዳይም አገሩ ሲመለስ የራሱን መጽሐፍ አሳትሞ ማንንም ሳይምር ሁሉንም ወቀሰ።

መጋቢት 7 ቀን 1876 ከምሽጉ ጦር ከግማሽ በላይ የሆነው ወጥቶ ሜዳው ላይ ተሰለፈ። የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ፊት ለፊት ብቻ አልመጣም፤ ሸለቆውን ተከትሎ በጎን ዞረ። ግብፆቹ መድፋቸውን ወዳልጠበቁት አቅጣጫ እስኪያዞሩ ድረስ ነገሩ አልቆ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው ነው፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሰልፉ ፈርሶ፣ ሸሽቶ ወደ ምሽጉ የተመለሰው በጣም ጥቂት ሆነ። ዳይ ቆሰለ። ዶክተር ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ተማረከ፤ ኋላ ተለቅቋል። በሺህ የሚቆጠር ሬሚንግተንና ብዙ መድፍ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ ያን ጊዜ በደረጃ እየወጣ የነበረው አሉላም ስሙ ከዚህ ዘመቻ በኋላ ከፍ ብሎ ቀረ።

እዚህ ላይ በእኛ አተራረክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት የዐፄ ዮሐንስ ጦር በምሽጉ ላይ በተደጋጋሚ ወረደ፤ ብዙ ሰው ከፍሎበትም አልሰበረውም። የሎኬት ግንብ ቆመ። በቪክስበርግም እንዲሁ ነበር፤ የሸርማንና የግራንት ጦር ያን ምሽግ በጥቃት መስበር አቅቶት በመጨረሻ ያስከፈተው ረሃብ ነው። ድሉ ሜዳው ላይ የተገኘ ድል መሆኑን መናገር የአባቶቻችንን ሥራ አያሳንስም፤ ይልቁንም ጠላታቸው ከምሽጉ የወጣበትን አንዲት ቀን እንዴት እንደተጠቀሙባት የበለጠ ያሳያል።

ሌላም ላርም። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ሲሰሙ ደስታው ፈንቅሏቸው፣ እንግዲያው በ1876 አሜሪካን አሸንፈናል ይላሉ። አላሸነፍንም። የአሜሪካ መንግሥት ማንንም አልላከም፤ እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የተቆረጠላቸው ቅጥረኞች ናቸው፤ ሽንፈቱም የኢስማኤል ነው። በሌላ በኩል አሜሪካውያኑ በመጽሐፎቻቸው እንዳደረጉት፣ የራሳቸውን ድርሻ ከሒሳቡ አውጥተው ሁሉን በግብፃዊው ወታደር ፈሪነት ማሳበብም አግባብ አይደለም። ያ ወታደር ለምን እንደዘመተ የነገረው አልነበረም፤ በማያውቀው ቋንቋ እየታዘዘ በማያውቀው ተራራ ላይ ሞተ። የደቡብ መኮንኖችን በተመለከተም፣ ለባርነት ሲዋጉ ኖረው የባሪያ ንግድን አጠፋለሁ ለሚል ኬዲቭ ማገልገላቸው ለራሳቸው እንኳ ግራ ሳይገባቸው የቀረ አይመስለኝም።

ኢስማኤል ከዚያ በኋላ አልቆየም። በ1876 የጸደይ ወራት ዕዳውን መክፈል አቆመ፤ አበዳሪዎቹ ግምጃ ቤቱን ተቆጣጠሩት፤ በ1878 አሜሪካውያኑ ደመወዝ መክፈያ ስለጠፋ ተሰናበቱ፤ በ1879 ራሱም ተሻረ። ስቶን ብቻ ቀረ፤ እስከ 1883 ድረስ በአጠቃላይ 13 ዓመት አገለገለ።

ዳይ የተመለሰው ወደዚህች ከተማ ነው። ከ1883 እስከ 1886 የዋሽንግተን ፖሊስ አዛዥ ነበር። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለአንድ ታክሲ ለሚነዳ ወዳጄ ነግሬው፣ በጉራዕ የቆሰለው ሰውዬ ነው እንዴ የመንገድ ቅጣት ያስጀመረብን ብሎ አስቆኛል። ዳይ ከዚያም አላረፈም። በ1888 የኮሪያን ንጉሥ ጦር ሊያሠለጥን ሄደ፤ በ1895 የጃፓን ሰዎች ቤተ መንግሥቱን ሰብረው ንግሥት ሚንን ሲገድሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ የጠባቂዎቹን ጦር ሊያቆም ሞክሮ አልቻለም። ጉራዕንና ሴኡልን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አስቡት።

ስቶን ግን ኒውዮርክ ገባ። ፈረንሳዊው ቀራጺ ባርቶልዲ በ1869 ለኢስማኤል አንድ ሐሳብ አቅርቦለት ነበር፤ በስዊዝ ቦይ መግቢያ ላይ ችቦ ያነሣች የግብፅ ገበሬ ሴት፣ እንደ መብራት ቤት የምታገለግል ግዙፍ ሐውልት። ኢስማኤል አልገዛውም። ባርቶልዲ ከዚያ በኋላ ችቦ ያነሣች ሌላ ሴት ለአሜሪካ ሠራ፤ ይህች ከዚያች ጋር አትገናኝም ብሎም እስከ መጨረሻው ተከራክሯል። ምስሉን ያየ ሰው ይፍረድ። ፈረንሳዮች ሐውልቱን ሲሰጡ የምትቆምበትን መሠረት መሥራት የአሜሪካውያን ድርሻ ሆነ፤ ለዚህም ሥራ ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተቀጠረው ቻርልስ ስቶን ነበር። ረዳት አድርጎ ያመጣው ደግሞ የጉራዕን ምሽግ የሠራውን ሎኬትን። ቦታው ራሱ ፎርት ውድ የሚባል፣ ባለ 11 ማዕዘን ኮከብ ቅርጽ ያለው አሮጌ ምሽግ ስለነበር፣ ሁለቱ ወታደሮች ኮንክሪቱን ያፈሰሱት በምሽግ ግንብ መካከል ነው። የማዕዘን ድንጋዩ በነሐሴ 1884 ተጣለ፤ ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆመ፤ በጋዜጣ ጥሪ ከሕዝብ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተዋጥቶ ቀጠለ።

ጥቅምት 28 ቀን 1886 ሐውልቱ ሲመረቅ ኒውዮርክ ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። በሰልፉ ፊት በፈረስ ሆኖ የመራው፣ የበዓሉ ሰልፍ አዛዥ የነበረው፣ ዕድሜው 62 የደረሰው ስቶን ነው። ሐውልቱ ፊቱን ያዞረው ወደ ወደቡ አፍ ነው፤ በወደቡ አፍ ላይ ደግሞ ያለ ክስ የታሰረበት ፎርት ላፋዬት በዚያን ጊዜ ገና አልፈረሰም ነበር። ሎሪንግ በኒውዮርክ ከተማ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 30 ቀን ሞተ። ስቶን ከዝናቡ በኋላ ታመመ፤ ጥር 24 ቀን 1887፣ ከሎሪንግ በኋላ በ25ኛው ቀን፣ በዚያችው ከተማ ዐረፈ።

አመሰግናለሁ።